የእኛ ቤት ወንዶች በጤና ነው የሚሞቱት

በዚህ ከተማ ቀና ብላችሁ ከምታዩት መስታወት ከሦስቱ ሁለቱን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ጠማማ የሆነውም እኔ ስላላቆምኩት ነው። ሠላሳ ዓመት ስሸከም ጥፍር የምታህል ስባሪ ከእጄ ወድቃ አታውቅም። አንድ የባንክ በር ብቻ እጄ ላይ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ እሱም ቢሆን ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ የመኖር ፍላጎት አልነበረውም። መስታወት ቤታችን ውስጥ «ክሬኑ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ክሬን መከራየት ትተው እኔን የሚጠሩ ሰዎች እንዳሉ ብነግራችሁ ጉራ ይመስላችኋል፤ ስለዚህ አልነግራችሁም።

መስታወት ለብቻ አይያዝም። ሌላውን ጫፍ የሚይዘው የእህቴ ባል ነው። እኔ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነን ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ተሸክመናል። አማቼ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። እህቴን ለጋብቻ የጠየቀው በስድስት ቃል ነው ይባላል፤ እዚያው ስለነበርኩ በአራት መሆኑን እመሰክራለሁ። የሱን ድርሻ ወሬ እኔ ደርቤ ስለማወራለት ተቻችለን እንኖራለን።

በእኛ ሙያ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። መስታወቱ አንዴ ከተነሳ በኋላ «አውርድ» የሚል ቃል ከአፉ የወጣ ወንድ አለቀለት። ክንድህ ይገንጠል፣ ወገብህ ይቀንጠስ፣ ዓይንህ ውስጥ ትንኝ ትግባ፣ «አውርድ» አይባልም። ብሎ የተገኘ ሰው ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል፤ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን ከእጁ እየተቀበሉ «ይከብድሃል ወንድሜ፣ እኛ እንያዝልህ» ይሉታል። አንድ ግንድ የሚያህል ሰው በዚህ የተነሳ ሙያውን ትቶ ልብስ ስፌት ገብቷል። ጎበዝ ሰፊ ወጥቶታል፤ ቢሆንም ጀርባው ሲዞር አሁንም ይሳቅበታል።

አንድ ነገር ብቻ ይፈቀዳል፤ ሽንት። ሽንት ከመጣብህ ማውረድ ነውር የለውም። ለሱ ንጉሥም ከዙፋኑ ይወርዳል።

እንግዲህ ከጥቂት ወራት ወዲህ አማቼ ሽንት አበዛ። አንድ ፎቅ እንደወጣን ከኋላ «ሽንቴ» ይላል። መስታወቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈን እሱ ይሄዳል፣ እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ላቤን እጠርጋለሁ። ቆየት ብሎ ይመጣል። እንደገና እናነሳለን። ሃያ ርምጃ ሳንሄድ ደግሞ «ሽንቴ»። አንድ ቀን ቆጥሬ ሰባት ጊዜ ሆነ። ለእናንተ አሥራ አራት ልበላችሁ፤ ሳልቆጥር ያለፈኝም አይጠፋም።

በዚያ ላይ ሌላ ነገር ነበር። መስታወት ምስጢር አይቋጥርም። ሁለት ሰው አንድ መስታወት ሲይዝ የአንዱ ትንፋሽ በሌላው መዳፍ ይሰማል። እኔ ደግሞ መዳፌ ሐኪም ነው። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ በመስታወቱ ውስጥ እንደ ዝንብ ክንፍ የቀጠነች መንቀጥቀጥ ትሰማኝ ጀመር። መጀመሪያ የመኪና ንዝረት መሰለችኝ። መንገዱ ባዶ ሆኖም ስትቀጥል ገባኝ፤ አማቼ እየተንቀጠቀጠ ነው። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል ብሎ መጠርጠር ግንብ ያስነጥሳል ብሎ እንደመጠርጠር ነው።

ነገሩን ለፀጉር አስተካካዬ አወራሁት። እሱ የማያውቀው በሽታ የለም።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።

«ሃምሳ ሦስት።»

መቀሱን አቆመ። «ፕሮስቴት የምትባል እጢ አለች። ወንድ ሃምሳን ሲሻገር ታብጥና ሽንት ታመላልሳለች። ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለችም። አንዳንዴ ግን ካንሰር ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ካልታየ…» አለና መቀሱን በጆሮዬ ጥግ ቀጭ አደረገው። የቀረችኝ ፀጉር በሙሉ ቆመች።

አማቼ! ሦስት ልጆች ያሉት ሰው! እህቴን በአራት ቃል ያገባ ሰው!

ጊዜው ደግሞ የማይሆን ጊዜ ነበር። በዚያው ሳምንት ሽማግሌው አለቃችን ሰብስቦን፣ ለአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ግንባር የሚሆን አንድ ወጥ መስታወት በሁለት ወር ውስጥ እንደሚመጣ ነገረን። ክብደቱ ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ ነው፤ እኔ ስናገር አራት መቶ እላለሁ፣ የክብሩም ክብደት ስለሚታሰብ። ስድስት ሰው ይይዘዋል። የፊቱ ማዕዘን የእኔ መሆኑ ጥያቄ አልነበረውም።

«ከኋላዬ ግን አማቼ ካልሆነ አላነሳም» አልኩ። ሰው ጀርባውን ለማንም አይሰጥም።

በዚያው ምሽት እህቴ ቤት ሄድኩ። ዕቃ እያጠበች ነበር።

«ስሚ፣ ባልሽ ታሟል።»

እጇ ሳሙና ውስጥ ቆመ። «ምኑን?»

«ሽንቱን።»

ፊቷን ወደ ማጠቢያው መለሰች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

«አታልቅሺ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ» አልኳት። «እሱ ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉት እንደማይሄድ ታውቂያለሽ። ስለዚህ እኔ ራሴ የታመምኩ መስዬ "አብረኸኝ ሂድ" እለዋለሁ። እዚያ ከደረስን በኋላ ለሲስተሯ ጠቆም ነው።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች ሳትዞር፣ በታፈነ ድምፅ። «ወይ ጉድ! እሱም እኮ…» ብላ ዋጠችው።

«እሱም ምን?»

«እሱም ይወድሃል ልልህ ነው። በል ነገ ሂዱ።»

በማግስቱ መስታወት ቤቱ በር ላይ አማቼን አገኘሁት። ፊቴን አጨፈገግኩ፣ ደረቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። እንዲህ ያለ ትወና በብር የሚታይ ነው።

«ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ወጋ ያደርገኛል። ጤና ጣቢያ ብትሸኘኝ…»

«እንሂድ።»

«ማለቴ፣ ካልተመቸህ ከሰዓት…»

«አሁን።»

ወዲያው ጃኬቱን ከምስማሩ አወረደ። ምስኪን፣ ሰበብ ሲጠብቅ ኖሯል አልኩ በልቤ።

የጤና ጣቢያው ኮሪደር ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ነጭ የተቀባ ነው። ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ እንደ ድንች የተሳለ ልብ። መስኮቱ ከሦስተኞቹ ነው፤ እኔ ያላቆምኩት። አንዲት ሲስተር እስክሪብቶ ፀጉሯ ላይ ሽጣ ብቅ አለች።

«አባባ፣ ይግቡ።»

አባባ የተባሉትን ሽማግሌ ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ብቻ ነበር።

«እርስዎን ነው።»

«እኔን? ልጄ፣ ይሄን ክንድ አይተሽ ነው አባባ የምትዪኝ?» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ። «ስሚኝ፣ በሽተኛው እሱ ነው። ሽንት ነው። እኔ ሰበብ ነኝ።»

አማቼን አየችው። እሱ ደግሞ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። እሷ ሁለታችንንም በየተራ አየችን።

«እሺ፣ ሁለታችሁንም እለካለሁ» አለች።

መጀመሪያ እሱ ተቀመጠ። ክንዱን አሰረች፣ ነፋች፣ አደመጠች። «መቶ ሃያ ሁለት በሰባ ስምንት። በጣም ጥሩ ነው።»

እኔ ተቀመጥኩ። ነፋች። የመለኪያውን መርፌ አየች። እንደገና ነፋች።

«ሮጠው ነው እንዴ የመጡት?»

«እኔ ሮጬ አላውቅም። ሰው ነው ወደ እኔ የሚሮጠው።»

«እንግዲያው አምስት ደቂቃ ዘና ብለው ይቀመጡልኝ። ሳያወሩ።»

አማቼ ሳቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ ሲስተር?» አላት።

ቆየሁላት። በሕይወቴ ከተሸከምኩት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅ፣ ማሰሪያው የተሠራው ለተራ ሰው ክንድ ስለሆነ በእኔ ላይ ሊሳሳት እንደሚችል አስረዳኋት። ትቀልድብኛለች ስል «ልክ ነዎት፣ ሲጠብ ያሳስታል» ብላ ትልቁን አምጥታ በሌላኛው ክንዴ ላይ አሰረች። በኩራት ወደ አማቼ አየሁ።

«መቶ ዘጠና በመቶ አሥራ አራት» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ዛሬ ከዚህ በላይ ያመጣ ሰው አለ?»

«የለም።»

«በዚህ ሳምንትስ?»

«የለም አባባ።»

«ሰማህ?» አልኩት አማቼን።

«ይሄ ውድድር ቢሆን» አለች ሲስተሯ እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ እየመዘዘች፣ «ብዙ ያመጣው ነው የሚሸነፈው። ተነሱ፣ ዶክተር ጋ ነው የምትገቡት።»

ዶክተሩ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን አየና ጥያቄ ጀመረ። ራስ ምታት? የለም። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል?

«በፍጹም!» አልኩ።

«ያለከልካል» አለ አማቼ ከበሩ አጠገብ።

«ማን?»

«አንተ። አንገትህ ይቀላል። እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«የሚንቀጠቀጠው ያንተ ነው እንጂ! በመስታወቱ ውስጥ ይሰማኛል እኮ!»

«ያንተ ነው።»

«ሽንትህስ? ሽንት ሽንት የምትለውስ?»

«ሽንት የለኝም።»

«እንዴት የለህም? በቀን ሰባት ጊዜ!»

አማቼ በዘመኑ የተናገረውን ረጅሙን ንግግር ያደረገው ያኔ ነው። «ጥግ ይዤ ግድግዳ እያየሁ እስከ መቶ እቆጥራለሁ። አንተ ቁጭ ትላለህ፣ ትንፋሽህ ይመለሳል። ከዚያ እመጣለሁ። ሌላ ምን ልበል? "አውርድ" ብዬ ልዋረድ? ወይስ አንተ ልትል ነው?»

የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይሄ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በሱ ያሳበብኩት መንቀጥቀጥ ከገዛ እጄ ወጥቶ፣ መስታወቱን ዞሮ ወደ እኔው ሲመለስ ነበር። እህቴም ያን ዕለት አላለቀሰችም ማለት ነው፤ በሳቅ እየሞተች ነበር። ባሏ ለካ ከእኔ አንድ ቀን ቀድሞ «የታመምኩ መስዬ ልውሰደው ወይ» ብሎ አማክሯት ኖሯል።

ዶክተሩ እስክንጨርስ ጠበቀ። ከዚያ «አባትዎ በሕይወት አሉ?» አለኝ።

«አርፈዋል።»

«በምን ምክንያት?»

«በጤና።»

እስክሪብቶው ቆመ። «በጤና ማለት?»

«በጤና ነዋ! አባቴ አንድ ቀን አልጋ ላይ ውለው አያውቁም። ጠዋት ሥራ ሊወጡ ጫማቸውን ሲያስሩ፣ አንዱን አስረው ሌላውን ሳይደግሙ፣ እዚያው ነው የሄዱት። ክኒን የምትባል ነገር ጥርሳቸውን አታውቀውም።»

«አያትዎስ?»

«እሳቸውም በጤና። ግንድ ተሸክመው።»

«ሌላ ወንድ በቤተሰቡ ውስጥ?»

«ታላቅ አጎቴ። ሠርግ ላይ ሲጨፍር ነው። እዚያ ከነበረው ጨፋሪ ሁሉ እንደሱ ጤነኛ አልነበረም። በእኛ ቤት ወንድ ታሞ አያውቅም ዶክተር፣ እንደዚህ ነን።»

«ዕድሜያቸው ስንት ስንት ነበር?»

ይሄን ታሪክ ስንቴ አውርቼዋለሁ! በየሻይ ቤቱ፣ በየለቅሶው ቤት፣ ደረቴን ነፍቼ። ዕድሜያቸውን ግን ጎን ለጎን አስቀምጬ አላውቅም ነበር። አባቴ ሃምሳ አራት። አያቴ ሃምሳ። አጎቴ ሃምሳ ሁለት።

«እርስዎስ?»

«ሃምሳ አንድ» አልኩ።

«እነዚህ ሰዎች በጤና አልሞቱም» አለ ዶክተሩ። ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ዘንበል አለ። «ሳይለኩ ነው የሞቱት። ግፊት ድምፅ የለውም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ከጣለው በኋላ ነው። እርስዎ ግን ዛሬ አወቁት፤ ከአባትዎ የሚለዩት በዚህ ነው።»

ዝም አልኩ። ያለ ሲስተር ትእዛዝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ ቶሎ ነበር። ደም ሰጠሁ፣ ሽንት ሰጠሁ፣ ደረቴ ላይ ገመድ ለጥፈው የልቤን አመታት በወረቀት አወጡት። ልቤ በጣም ያምራል፤ ዶክተሩ ያለው «እስካሁን ደህና ነው» ቢሆንም ዓይኑ ውስጥ አድናቆት አይቻለሁ። አማቼንም አልለቀቁትም። «ሃምሳን ካለፉ አይቀር» ብለው ስኳሩን፣ የደም ስቡን ለኩለት፤ ስለ ፕሮስቴትም ዶክተሩ የእውነት አንድ በአንድ ጠየቀው። ሁሉም ደህና። ይሄ ሁሉ ጤና የመጣው አብሮኝ በመሸከሙ ነው ባይ ነኝ።

ለእኔ ግን በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን፣ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ ማቆም፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ታዘዘ። የመጨረሻውን ዶክተሩ እያየኝ ነው የተናገረው። «ቁጥሩ እስኪወርድ ከባድ ነገር አያነሱም።»

«በሁለት ወር ውስጥ ትልቅ መስታወት አለብኝ።»

«በሁለት ወር ውስጥ ከወረደ ያነሳሉ። ካልወረደ ሌላ ሰው ያነሳል።»

ሌላ ሰው! የእኔን ማዕዘን!

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። «ስንት አሉህ?» አለችኝ። ሁለት መቶ ሃምሳ አልኳት። አማቼ ከኋላዬ «መቶ ዘጠና» ብሎ አረመኝ። ትጮህብኛለች ስል ካውያውን አቆመችና ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባቴ ጫማቸውን ሲያስሩ እሷ አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ያላሰሩትን ያሰረችላቸው እሷ ናት። ከዚያ ተነስታ የጨው ዕቃውን ከጠረጴዛው አነሳች። ያቺን ዕቃ ከዚያ ወዲያ አይቻት አላውቅም፤ ቀብራት ይሆናል።

መስታወት ቤት ደግሞ ልክ መውሰድና ጠርዝ ማለስለስ ላይ መደቡኝ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። «ክሬኑ ዝጓል» አሉ። እኔ ግን ተሸንፌ የማውቅ ሰው አይደለሁም።

«እናንተስ ስንት ናችሁ?» አልኳቸው። «አታውቁትም አይደል? እኔ የራሴን አውቃለሁ። ያ ጤና ጣቢያ ከተመሠረተ ወዲህ የእኔን ቁጥር ያየ የለም። አሁን ደግሞ ወደ ታች ነው ውድድሩ፤ ዝቅ ያለ ያሸንፋል። ማን ወንድ ነው?»

የወንድ ነገር ታውቃላችሁ። ለጤናህ ብትለው አይሄድም፤ ማን ወንድ ነው ካልከው እየሮጠ ይሄዳል። በምሳ ሰዓት አምስቱም ወደ ጤና ጣቢያው ወጡ። «ሚሊሜትር» የምንለው ቆራጫችን፣ ነገር ሁሉ ልክ ካልሆነ የማይተኛው ሰው፣ መቶ አሥራ ስምንት በሰባ አምስት አምጥቶ እየጨፈረ ውሃ በላይ በላዩ ሲጠጣ፣ ሲስተሯ ውሃ ለምን እንደሚያበዛ ጠየቀችው። ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ። በጊዜ ነው የተያዘው። አሁን መድኃኒቱን ሰዓት ሳያዛንፍ ይወስዳል፣ ምግቡንም በሜትር ሳይሆን አይቀርም የሚለካው። «አንተ ባትፎክር ኖሮ…» ብሎኝ ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም ፉከራዬ የሰው ነፍስ እንደሚያድን ከልጅነቴ ጀምሮ እጠረጥር ነበር አልኩት።

የእኔ ቁጥር በሁለተኛው ሳምንት መቶ ሰባ፣ በአራተኛው መቶ አምሳ፣ በአምስተኛው መቶ አርባ ገባ። ሲወርድ መኩራት አዲስ ጥበብ ነው፤ ተማርኩት። በእግሬ ግማሽ ሰዓት ይበቃል ቢሉኝም እኔ ሁለት ሰዓት እሄድ ነበር፤ ከሰው ጋር ቆሜ የማወራበት ሲቀነስ ግማሽ ሰዓት ይሆናል።

ከዚያ ጥጋብ መጣ። በስድስተኛው ሳምንት እንደ ኮርማ ሆንኩ። አንድ ጠዋት ክኒኑን መዳፌ ላይ አስቀምጬ «ጤነኛ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?» ብዬ መለስኩት። አራት ቀን ዘለልኩ። በአምስተኛው ቀን ሲስተሯ ለካችኝና እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«መቶ ሰባ ሁለት! ምን አደረጉ አባባ?»

«ተሽሎኝ ስለነበር…»

«የተሻለዎት በክኒኑ እኮ ነው! የቤቱን ምሰሶ "ጣሪያው እንደሆነ ቆሟል" ብሎ የሚነቅል ሰው አለ?»

ሴትዮዋ መናገር ታውቃለች፤ እኔ ሳላስተምራት አልቀርም። መስታወቱ ሊመጣ አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶታል። አማቼ ሰምቶ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ቤቴ በር ላይ ቆሞ፣ አንዲትም ቃል ሳይናገር፣ ክኒኑን ስውጥ እያየ አብሮኝ ይሄድ ነበር። አራት ኪሎ ሜትር በዝምታ። እኔ ግን አላስደበርኩትም።

በዋዜማው ዶክተሩ ራሱ ለካኝ። መቶ ሠላሳ ሁለት በሰማንያ አራት። ወረቀቱን ፈረመና ሳይሰጠኝ ያዘው። «አንድ ነገር። ትንፋሽ ካጠረዎት ያወርዳሉ። ወዲያው። ቃል ይግቡልኝ።»

«አወርዳለሁ» አልኩ። ቃል መግባት ምን ይከብዳል፤ መናገሩ ነው ጉዱ።

መስታወቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ኧረ እንዴት ያለ መስታወት ነው! ሰማዩን በሙሉ ይዞ በጭነት መኪና ላይ ቆሟል። ከመኪናው እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ግንባር ሰማንያ ርምጃ። ባለቤቴም መጥታለች። «ምን ልትሠሪ?» ስላት «ብትወድቅ ማን ያነሳሃል፣ ክሬን ከየት ይመጣል?» ብላ ወደ ሕንፃው ውስጥ ገባች።

የላስቲክ እጀታዎቹን መስታወቱ ላይ አጣበቅን። እኔ ከፊት፣ አማቼ ከኋላዬ፣ ሌሎቹ አራቱ በየቦታቸው። አለቃችን «ሆ!» አለ። ተነሳ።

ሃያ ርምጃ፤ ላባ ነው። ሠላሳ፣ አርባ። መዳፌን አዳመጥኩ፤ አትንቀጠቀጥም። ሃምሳኛው ላይ ትንፋሼ አጠር አለች። ብዙ አይደለም፣ ቀጭን ክር የምታህል ናት። ድሮ ቢሆን አላያትም ነበር። ሠላሳ ርምጃ ነው የቀረው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል፣ የግንበኛው ጭፍራ ከላይ ሆኖ ያያል። ከኋላዬ አማቼ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። ሽንቱ ሊመጣ መሆኑ ገባኝ። ያ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ለሰባት መቶኛ ጊዜ ስለ እኔ ሊያፍር ነው።

ቀደምኩት።

«አውርዱ!» አልኩ።

ድምፄ ደግሞ እንደምታውቁት ትንሽ አይደለም፤ ጣሪያው ላይ የነበሩ እርግቦች ተነሱ። ከዚያ ቀስ ብለን እንጨቶቹ ላይ አሳረፍነው። ሳቅ ጠበቅኩ። በምትኩ «ሚሊሜትር» «ተመስገን!» ብሎ መሬት ላይ ተዘረጋ። ሌላው ክንዱን እያራገፈ «እጄ ከርምጃ ሠላሳ ጀምሮ የለችም እኮ» አለ። አንዱ በሙሉ ልቡ ሽንት ቤት ሮጠ። ሽማግሌው አለቃችን ወገቡን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«እኔ ይቺን ቃል አርባ ዓመት አፌ ውስጥ ይዤያት ነው የኖርኩት» አለኝ። «ወገቤ የሄደው በሷ ነው።»

እንግዲህ በዚህ ሙያ «አውርዱ» የሚለውን ቃል የፈለሰፈው ማን እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ይታወቃል።

አምስት ደቂቃ አረፍን። ትንፋሼ ተመለሰች። እንደገና አነሳን፤ ሠላሳውን ርምጃ እንደ ሠርገኛ ሄድንበት። ማዕዘኑን ወደ ፍሬሙ ሳስጠጋ፣ ጠጋ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን፤ ልክክ ብሎ ገባ። ጎማው ዙሪያውን ያዘው። ስድስታችንም እጃችንን አንድ በአንድ ለቀቅን። ቆመ።

ባለቤቴ በመስታወቱ ማዶ፣ ባዶዎቹ የመጽሐፍ መደርደሪያዎች መሃል ቆማ ታየኛለች። እጆቿ አፏ ላይ ናቸው። ጠጋ ብዬ ነገርኳት፤ ሰማንያውን ርምጃ፣ መቶ ሠላሳ ሁለት በሰማንያ አራቱን፣ አራት መቶውን ኪሎ፣ ከአባቴ በሃያ ዓመት እንደምበልጥ፣ ኧረ ለምን ሃያ፣ በአርባ፣ የልጅ ልጆቻችንን ሠርግ ከጨፋሪው ሁሉ በላይ እንደምጨፍርና ጨፍሬም ቤቴ እንደምገባ፣ ሁሉንም።

«ወፍራም ነው» አለ አማቼ ከጎኔ። «አትሰማህም።»

አልሰማችም። ግን እየሳቀች፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ቆመች። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ሳታቋርጠኝ ያስጨረሰችኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔም አጋጣሚውን ሳላባክን ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።